የገበያነሽ ቡና የላይኛው ቅርንጫፍ

ወናጎ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለቦንቱ፣ ባሕር ማዶ፣ በርገን ከተማ፤

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ በግራ እጄ ቢሆንም። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ጀሪካኗ ትንሽ ብትሆንም። ቆጮውን ጎረቤቴ ኤልቤቴል ትጋግርልኛለች እንጂ ጎመኑን እኔው እከትፋለሁ። ሸሚዜን ራሴ እለብሳለሁ፤ የቀኙ እጅጌ ያስቸግረኛል፣ እየተሳደብኩ አስገባዋለሁ። ያለ መነጽር አነባለሁ፣ ፊደሉ ትልቅ ከሆነ። ይህን ያስቀደምኩት ሰው «አጎትሽ አልቆለታል» ብሎ እንዳይጽፍልሽ ነው። አላለቀልኝም።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። የጌታ ሰላም ከደጅሽ አይለይ። ያ የማያባራ ዝናባችሁ ለአጥንትሽ አይድረስ።

ስልክ ደውል እንዳትይኝ። ልጄ ሚሊዮን ስልኩን ድምፅ ከፍቶ ነው የሚሰጠኝ፤ እኔ «ሃሎ» ስል ሱቁ ውስጥ ስኳር የሚያስመዝን ሁሉ «ሃሎ» ይለኛል። እኔ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥሬ ምስክር ወረቀት የወሰድኩ ሰው ነኝ፤ ፊደሉ ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል?

ወሬው ይህ ነው። በመጋቢት ከአቮካዶ ዛፍ ወደቅሁ። ቀኝ ክንዴ ከደረቴ በላይ አልወጣ አለ። ዲላ ሆስፒታል ኢልሃም የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ታሠራኛለች። ሥራ ብላ የምትለው ግድግዳ ፊት አቁማኝ በጣቶቼ ወደ ላይ «ሂድ» ማለት ነው፤ እንደ ጉንዳን። ሌሎቹ ተማሪዎቿ ሁሉ ሴቶች ናቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ዋናውን ስሚ። ሚሊዮን መጥቶ ቁጭ አለና፣ «አባ፣ ዘንድሮ ይህን ቡና ማን ይለቅመዋል?» አለኝ።

«እኔ።»

«በየትኛው እጅህ?»

ከእሱ ጋር እንድኖር ዲላ ከሱቁ ጀርባ ክፍል ቀለም አስቀብቶልኛል። መስኮቷ በባጃጅ ማቆሚያው በኩል ነች። ቦንቱ፣ እኔ ከባጃጅ ጋር ልኑር? ተከራከርን፣ ተጯጯህን፣ በመጨረሻ ተስማማን። በደጄ ያለችውን የባለቤቴን የገበያነሽን ቡና ታስታውሻለሽ። ሚሊዮን የተወለደ ጊዜ የተከለቻት ናት፤ አትቆረጥም ብላ ከልክላ እንደ ግራር ረዘመች። በየዓመቱ ለቀማ የሚጀመረው ከእሷ ነው፤ እኔ የላይኛውን ቅርንጫፍ በቆልማማ እንጨት ስቤ እይዛለሁ፣ ገበያነሽ በሕይወት ሳለች ትለቅም ነበር፤ አሁን በግራዬ እኔው እለቅማለሁ። ሚሊዮን ያለው ይህ ነው፦ «በመጀመሪያው ለቀማ ቀን ያንን ቅርንጫፍ በቀኝ እጅህ ስበህ ከያዝክ ዳግመኛ ከቤትህ ውጣ አልልህም። ካቃተህ ዲላ ትገባለህ።» ተጨባበጥን። በግራ።

ገንዘብ አትላኪ። ወሬ ላኪ።

አጎትሽ አብዲሳ


በርገን፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደብዳቤዎን ከፊቴ ቆመው እንደሚቆጡኝ ያህል እየሳቅሁ አነበብኩት። ጌታ ጉልበትዎን ያድስ፣ ቁጣዎን ግን ለወግ ያህል ይተውልዎት፤ እሱ ካለቀ ማን መሆንዎን በምን አውቃለሁ?

እኔ ደህና ነኝ። የአረጋውያን ቤት ሥራዬ እንደነበረው ነው። እርስዎን የሚመስል አንድ ሽማግሌ አለን፤ እግሩ አብጦ «ጫማው ነው የጠበበው» ይላል። ጫማ አላደረገም። እና አጎቴ፣ ሲዋሹኝ በምን እንደማውቅብዎ ይገባዎታል፤ ሥራዬ ነው።

እትዬ ገበያነሽ አቮካዶ ዛፍ ላይ እንዳይወጡ ያስማለችዎት እኔ ልጅ ሆኜ፣ ፊቴ ነው። መሐላዎን አያፈርሱም። ከየት ወደቁ ታዲያ? ለሚሊዮን ደውዬ ብጠይቀው «እሱ ይንገርሽ» ብሎ የልጆቹን ትምህርት ቤት ያወራልኝ ጀመር። ሌላም ልጨምር። ጣትን በግድግዳ ላይ ማስኬድ እዚህም እኛ ቤት ይሠራል። የሚሠሩት ጡታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው እናቶች ናቸው፤ ብብታቸው ተነክቶ ትከሻቸው ስለሚታሰር።

ስላሰብኩት ነገር ምንም አልልም። ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ብቻ ለቃሚ ለመቅጠር የሚሆን ነገር ልላክ? ቅርንጫፉን ሌላ ሰው ቢይዘው ምን አለበት?

የምትወድዎት ልጅዎ ቦንቱ


ወናጎ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቦንቱ፤

ቅርንጫፉን ሌላ ሰው ቢይዘው ምን አለበት ስላልሽ ብቻ ደብዳቤሽን ሳልመልስ ሰነበትኩ። አሁን አልፎልኛል። ጌታ ይባርክሽ፣ ምላስሽን ግን ጥቂት ያሳጥረው።

አዎ። ከዛፍ አልወደቅሁም።

ጡቴ ሥር አንድ የጓጎለች ነገር በቀለች። እንደ ቡና ፍሬ። እኔ ትጠፋለች ብዬ ተውኳት፣ እሷ ቤት ሠራች። ሚሊዮን ሸሚዝ ስቀይር አይቶ ጎትቶ ሐዋሳ ወሰደኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «አባባ፣ የጡት ካንሰር ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ ወረቀት ተሳስተሃል፤ የኔን ከአንዲት ሴት ጋር ቀላቅለሃል» አልኩት።

«ወንድም ጡት አለው አባባ።»

«አለው። ግን ሥራ የለውማ!»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቀደዱ፣ አወጡ፣ ከብብቴም ጠረጉ፤ በየቀኑ የምውጣት ኪኒን ሰጡኝ። ኪኒኗም የሴት ናት። ለሚሊዮን፣ «ሰው ከጠየቀ ከዛፍ ወድቋል በል» አልኩት። እኔ የሶንጎ ሽማግሌ ነኝ፤ ሰው ሲጣላ የማስታርቅ። ጡቴን አመመኝ ብዬ የት እገባለሁ?

ትከሻዬ ግን እንደ ተዘጋ በር ሆነ። ክንዴን ሳነሣ ብብቴ ውስጥ ቀጭን ገመድ ይወጠራል፤ የቃጫ ገመድ ይመስላል፣ በቆዳዬ ላይ ይታያል። ዲላ የፊዚዮ ክፍል በሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን ባርኔጣዬን ዝቅ አድርጌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መኪያ የምትባል የዲላ ነጋዴ፣ ባሏ ኸድሩ ቦርሳዋን ይዞላት፣ አጠገቤ መጣች።

«አባባ፣ ሚስትዎን ነው ያመጡት?»

«አዎ።»

«የታለች?»

«ትመጣለች።»

ገበያነሽ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው፣ እንግዲህ ከየት ትመጣለች። ወዲያው ኢልሃም በሩን ከፍታ «አብዲሳ!» ብላ ተጣራች። ማንም አልተነሣም። ደግማ ጠራች። መኪያ ዞራ አየችኝና «ጋሽ አብዲሳ፣ ሚስትዎ በእርስዎ ስም ነው እንዴ የምትጠራው?» አለች። ቦንቱ፣ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ የእነሱ ሰው ነኝ።

ኢልሃም ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ግን በሬ ይመልሳል። ያንን የቃጫ ገመድ በጣቷ እያሸች ቀስ ብላ ታፍታታዋለች፤ ያማል፣ አልናገርም። ግድግዳው ላይ እያንዳንዳችን በደረስንበት በጠመኔ ታሰምራለች። የመኪያ መስመር ከኔ በላይ ነው። ቁመቷ እስከ ትከሻዬ ነው እኮ! «ጋሽ አብዲሳ፣ ከታች ሰላም ነው?» ትለኛለች። ቤት በዱላ የሚሠራ ሥራም ሰጥታኛለች፤ በጀርባዬ ተኝቼ ዱላውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ራስጌ ማውረድ። ዱላ አልገዛሁም። ቆልማማዬን ነው የምይዘው። ሥራውን ይልመደው ብዬ።

ካሁን በኋላ ያለውን የጻፍኩት ቀኑን ሙሉ ስዞረው ውዬ ነው። ኢልሃም ለብቻ ጠርታ አስቀመጠችኝ። «ይህ ሕመም በወንድ ላይ ሲወጣ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። የሥጋ ዘመዶችዎ ይወቁ፤ በተለይ ሴቶቹ ይመርመሩ» አለችኝ። ወዲያው እናትሽ መጣችብኝ። ደረቷን በነጠላ አስራ የሞተችበትን እኛ ምች ነው ብለን ቀብረናታል። ቦንቱ፣ ልጄ፣ ነገ ሥራ ከመግባትሽ በፊት ሂጂ። ከኔ ተማሪ አልልም፤ የኔን ኩራት ግን አትውሰጂ።

ገንዘብ አትላኪ ብዬ ነበር። አሁንም አትላኪ። ግን መኪያ ከዱባይ የመጣ የመለጠጫ ላስቲክ አላት፤ ቢጫ ነው። ቀይ ካገኘሽ ላኪልኝ። ከቢጫ የሚጠነክር ቀለም እንደሆነ አረጋግጪ።

አጎትሽ አብዲሳ


ወናጎ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቦንቱ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፤

መልስሽ ቀረ። መስቀልም አለፈ። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ገና ሳልጠይቃት። ተቆጥተሽ ከሆነ ተቆጥቻለሁ ብለሽ ጻፊ። ሌላ ነገር ከሆነም ጻፊ። በየቀኑ ስምሽን በጸሎት እያነሣሁ ነው፤ ጌታም ሳይሰለች አይቀርም።

እስከዚያው የምትስቂበት ነገር ልንገርሽ።

ቡናው ጉንጩን ማቅላት ጀመረ፤ ክንዴ ገና ከጆሮዬ አልበለጠም። አሰብኩ። የቡና ቅርንጫፍ ላይ አልደርስ ስንል ምን እናደርጋለን? ጎንበስ አድርገን ችካል ላይ እናስረዋለን፤ በኋላ ሲፈታ ራሱ ይወጣል። ታዲያ ክንዴስ? ከጓሮ ያለውን ወፍራም የቡና ግንድ በግራዬና በጉልበቴ አጎነበስኩት፣ የቀኝ እጄን አንጓ በቃጫ አሰርኩበት፣ ቀስ እያልኩ ለቀቅሁት። እሱ ቀስ አላለም። ተስፈንጥሮ ወጣ፤ እኔም በእግሬ ጣት ቆምኩ! ባርኔጣዬ በረረ፤ በግራዬ ቋጠሮውን ብፈልገው አልደርስበትም። መጥራት አፈርኩ። ቆሜ ቀረሁ።

ኤልቤቴል ቆጮ ይዛ በአጥሩ በኩል መጣች። እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ አየችኝ፣ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጋሽ አብዲሳ፣ ማንን ነው የሚባርኩት?»

«ቢላ አምጪ!»

«አሜን» ብላ ሄደች።

ቆርጣ አወረደችኝ። ማታ እጄ አበጠ፣ እስከ ክርኔ። በማግስቱ ኢልሃም አይታኝ በሬ የሚመልሰውን ድምፅ አወጣችው፤ «አባባ፣ ትከሻ ነው እኮ፣ ቡና አይደለም! ብብትዎ ተጠርጓል፤ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ጠቧል፤ በግድ ሲስቡት ያብጣል።» በፋሻ ጠቅልላ፣ ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ እንዳሳርፈው አዘዘችኝ። ስንት ቀን ብዬ ብጠይቃት «እኔ እስክልዎ» አለች። የለቀማው ቀን እየቀረበ እጄ በትራስ ላይ! ተናደድኩ፣ ግን ታዘዝኩ። ይህንን ለማንም አትንገሪ።

መኪያ ግን ሁሉንም ነገር ዲላ ገበያ ላይ ከኤልቤቴል ሰምታ ኖሯል። በክፍሉ ፊት አስተርካኝ፣ «ማንን ነው የሚባርኩት» የሚለው ላይ ስደርስ «ወይ ጉዴ!» ብላ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እየሳቀች እየሳቀች ድንገት ቆመች። ኢልሃምም ቆመች። ባሏ ኸድሩ ቦርሳዋን ጣለው።

ከቀዶ ሕክምናዋ ወዲህ ያ እጇ ራሷ ላይ ደርሶ አያውቅም ነበር! ፀጉሯን የምታበጥርላት ልጇ ናት።

«አትንኩኝ፣ እንዳላወርደው» አለች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ የሚቀጥለው ክፍል ሐኪም ሙሽራ የመጣ መስሎት ወጣ። እኔ በፋሻ እጄ አጨበጨብኩ፤ ኢልሃም ተቆጣችኝ።

ይኸው ነው። ጻፊልኝ ልጄ። አንድ መስመርም ይበቃል።

አብዲሳ


በርገን፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣ ዕድሜዎን እንደ ገበያነሽ ቡና ያርዝመው፣ ማንም አይቁረጠው፤

ደህና ነኝ። አስቀድሜ ይህን ልጻፍ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሳምንት ሄድኩ። ጡቴን በራጅ አነሡት፣ ደሜንም ወሰዱ፣ ከዚያ ውጤት ጠብቂ አሉኝ። ስጠብቅ እስክሪብቶ አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ አላውቅም ብል እርስዎ በእግርዎ ባሕር ይሻገራሉ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።

ጡቴ ንጹሕ ነው። ከእናቴ በዘር የወረደው ነገር ግን ደሜ ውስጥ ተገኝቷል፤ የእርስዎም ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንግዲህ በየዓመቱ ያዩኛል፣ ቢመጣም ገና ሳይደላደል ይይዙታል። ሐኪሟ «ማን ነው ሂጂ ያለሽ?» አለችኝ። «ሰባ አራት ዓመት የሞላው ኩሩ ሰው» አልኳት። ከቢሮዋ ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከደስታም ነበር፣ ስለ እናቴም ነበር። ከዚያ የጥቅምቱ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። «አሜን ብላ ሄደች» የሚለው ላይ አውቶቡስ ውስጥ እንደዚያ ስስቅ ሰዎች ቦታ ቀየሩ።

ላስቲኩን ልኬያለሁ፤ ቀይ ነው። ጠይቄያለሁ፣ ከቢጫ ይጠነክራል። ከዛፍ ጋር ካሰሩት ግን ሁለተኛ አልልክም።

አንድ ነገር ልድፈር? ከሚሊዮን ጋር ተነጋግረናል። የሚፈራው ቡናው ሳይለቀም እንዳይቀር አይደለም። እርስዎ አንድ ቀን ወድቀው፣ ኤልቤቴልም ገበያ ሄዳ፣ ማንም ሳያይዎት እንዳይቀሩ ነው። ያንን አፍ አውጥቶ መናገር ስላቃተው ነው ስለ ቅርንጫፍ ያወራው። የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ መቼም።

ቀኑ ሲደርስ በፍጥነት ይጻፉልኝ። ቢችሉም ባይችሉም።

ልጅዎ ቦንቱ


ወናጎ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለቦንቱ፣ ለእህቴ ዓይን፤

ደብዳቤሽን ኤልቤቴል ደጅ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ጡቴ ንጹሕ ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ። ላፍር ነበር፣ ረሳሁት። የጌታ ስም ይባረክ፣ አንቺንም እስከ እርጅና ያድርስሽ፤ ያኔ እንደኔ አስቸጋሪ ሁኚ።

ኢልሃም እብጠቱ ሲጎድል ትራሱን አስነሣችኝና እንደገና ከታች ጀመርን። ዱላ፣ ግድግዳ፣ ከዚያ ላስቲኩ። በዝግታ። እኔ ዝግታ እንደምችል አላውቅም ነበር።

ለቀማው የተጀመረው ቅዳሜ ነው። ሚሊዮን ከነቤተሰቡ መጣ። ኢልሃም የዕረፍት ቀኗን ይዛ መጣች፣ ቅርንጫፍ እንዳይቧጭረኝ ብላ ጓንት አመጣችልኝ። መኪያና ኸድሩም መጡ፤ ያለ ጥሪ። ፀጉሯን ራሷ ሠርታው ነበር፣ አንዱ ወገን ተንጋዷል፤ ማንም እንዲያስተካክልላት አልፈቀደችም። ነጭ ሸሚዜን ለበስኩ። እጅጌው አልተሰደበም።

ቆልማማዬን አነሣሁ። መጀመሪያ ሳትኩት፤ የቅጠሉ ጤዛ ፊቴ ላይ ወረደ።

«ጋሽ አብዲሳ፣ ቅርንጫፉ በዚያ በኩል ነው!» መኪያ ናት።

ሁለተኛ ስዘረጋ ጆሮዬ አጠገብ ክንዴ ቆመ። ግራ እጄ ሳላዝዘው ሊያግዝ መጣ። ሚሊዮን «በቀኝ ነው የተባባልነው» አለ፤ ድምፁ ግን ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው፣ አሳዘነኝ። ግራዬን ኪሴ ከተትኩት። ኢልሃም ከኋላዬ «ትንፋሽ፣ አባባ። ያስወጡት» አለች። አስወጣሁ። ገመዱ ብብቴ ውስጥ ተወጠረ፣ ላላ፣ አለፈ። ቆልማማው ቅርንጫፉን ያዘ። ሳብኩት። ቀይ ቀዩን ይዞ ደረቴ ላይ መጣ።

እኔ ይዣለሁ፤ የሚለቅም ሰው የለም። ገበያነሽ የምትቆምበት ቦታ ባዶ ነው።

ሚሊዮን «አባ፣ በቃ፣ አሸንፈሃል። ልቀቀው» አለ።

«ያልተለቀመ ቅርንጫፍ አልለቅም። ና ቁም እዚህ።»

መጣ። ቅርጫቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ከጫፍ ወደ ውስጥ፣ ቀዩን ብቻ፣ አረንጓዴውን በአውራ ጣቱ እየከለለ ለቀመ። እናቱ እንዲህ ነበር የምትለቅመው። ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ በልጅነቱ እግሯ ሥር ተቀምጦ ሲያይ መኖሩ ነው። ፊቱን ወደ ቅጠሉ አድርጎ «አባ፣ ብትወድቅስ?» አለኝ በቀስታ። ከቅጠሉ ጋር የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

«ስልክ ግዛልኝ» አልኩት። «ኪሴ ውስጥ ይሆናል። በየማታው ትደውላለህ፤ ድምፅ ሳትከፍት።»

«እሺ» አለ። ከጫፏ አንድ ዘለላ አስቀርቼ ሌላውን እስኪጨርስ ያዝኩለት። እንጨቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ደክሞሃል አባ።»

«ቅርንጫፉ ነው የሚንቀጠቀጠው።»

ሲጨርስ ለቀቅሁት። ቅርንጫፉ ወደ ላይ ተመለሰ። ክንዴ ግን አልወረደም። እዚያው ላይ፣ ከራሴ በላይ፣ ማንም ሳያስረው ቀረ። ኤልቤቴል ነጠላዋን አስተካከለችና፦

«ጋሽ አብዲሳ፣ አሁንስ ማንን ነው የሚባርኩት?»

«ሁላችሁንም» አልኩ። ባረክኋቸውም፤ ልጄን፣ ሚስቱን፣ መኪያንና ቦርሳ ተሸካሚዋን፣ ኢልሃምን፣ አንቺንም በስምሽ። ሁሉም አሜን አሉ፤ ኢልሃምና መኪያም በራሳቸው አባባል አሜን አሉ። ክንዴን ያወረድኩት ምርቃቱን ስጨርስ ነው፤ ረጅም ምርቃት ነበር።

ከቤቴ አልወጣም። የተቀባችውን ክፍል ሚሊዮን ያከራያት።

አሁን ዕዳዬን ልንገርሽ፣ ማንም ቀድሞ እንዳይከፍልልኝ። የኤልቤቴል አጥር ባጋደለበት በኩል ቀርከሃ ይፈልጋል፤ ያን እኔ ነኝ የማጥረው፣ ከእሷ ተውሼ የታሰርኩበትን ቃጫም በአዲስ እተካለሁ። መኪያ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ትበልጠኛለች፤ አንድ ኬሻ አቮካዶ አለብኝ፣ ያውም ወድቄበታለሁ ካልኩት ዛፍ፤ ለገበያነሽ ስለማልኩ መሬት ቆሜ በቆልማማ አወርደዋለሁ። ኢልሃም ምንም አልቀበልም አለች። ባለፈው ሳምንት ግን አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል፣ ሚስቱን ነው ያመጣው። እንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ ስሙ ሲጠራ አብሬው እነሣለሁ። ቀዩን ላስቲክ ለእሱ ሰጠሁት፣ ያንቺም ዕዳ በዚሁ ተጨምሯል። ለእናትሽ መቃብሯ ላይ ጥድ እተክላለሁ፤ ምች እንዳልነበረም እነግራታለሁ። ላንቺ ደግሞ የገበያነሽን ቡና የታችኞቹን ቅርንጫፎች አስለቅሜ፣ ከላይኛው ግን አንድ ዘለላ ቀይ ከልክዬ አስቀርቻለሁ። እሷን ስትመጪ እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ትለቅሚያለሽ።